«አታስብ» የተባለ ሐሳብ ለምን ተመልሶ ይመጣል?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና የባለሙያዎች መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሳይጠሩት ስለሚመጣ፣ ሲያባርሩት ደግሞ ብሶበት ስለሚመለስ ሐሳብ የሚጠይቁ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ ስም አላተምንም።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ 7 ሳምንት ሆነኝ። አራስ ሳለሁ እናቴ እንደ ልማዱ ቢላ ትራሴ ሥር አድርጋልኝ ነበር። አንድ ሌሊት ልጄን እያጠባሁ «በዚህ ቢላ ብወጋውስ?» የሚል ሐሳብ ብልጭ አለብኝ። ሰውነቴ ደረቀ። ሰበብ ፈልጌ ቢላውን እንድትወስደው አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት እንኳ አልከትፍም፣ ሰው ከሌለም ልጁን አላጥብም። ሐሳቡ ሲመጣ «በስመ አብ» ብዬ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ፤ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም። ልጄን እወደዋለሁ። እያበድኩ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህታችን፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። አላበድሽም። ካናዳ ውስጥ 91 አዲስ እናቶች ተጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት፣ ልጇ በአደጋ ሲጎዳ የሚያሳይ ያልፈለገችው ሐሳብ ያልመጣባት አንዲት እናት አልተገኘችም። ሆን ብለው ሲጎዱት የሚያሳይ ሐሳብ የመጣባቸው ደግሞ ግማሽ ያህሉ ነበሩ። ጨቅላ የሚጠብቅ አእምሮ አደጋ ይቆጥራል፤ ሲቆጥርም የራስን እጅ አይዘልም። ትራስሽ ሥር ቢላ ስለነበረ ቢላው መጣ። ፎቅ ላይ ለምትኖር እናት በረንዳው ይመጣባታል፣ ለሌላዋ የመታጠቢያው ሳፋ።

ብዙዎቹ እናቶች «ወይ ጉድ!» ብለው ያልፉታል። አንቺ ግን ሐሳቡን እንደ ምስክር ቆጠርሽው፤ «ይህን ያሰበች ታደርገዋለች» አልሽና ራስሽን መጠበቅ ጀመርሽ። ችግሩ ያለው እዚህ ጥበቃ ላይ ነው።

ጥበቃው ራሱ ሐሳቡን እንደሚጠራ ያሳየው ዳንኤል ዌግነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በታተመው ሙከራ ቴክሳስ ውስጥ የሚማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለ5 ደቂቃ በልባቸው የሚያልፈውን ሁሉ ጮክ ብለው እንዲናገሩ ተደረገ። ነጭ ድብ ግን ማሰብ ክልክል ነው፤ ያሰበ ደወል ይመታል። ደወሉ በአማካይ በደቂቃ ከአንድ ጊዜ በላይ ተመታ። ቀጥሎ በነበረው 5 ደቂቃ «አሁን አስቡት» ሲባሉ ደግሞ፣ ከመጀመሪያውኑ ሳይከለከሉ ካሰቡት ተማሪዎች የበለጠ ድቡ መጣባቸው። ዌግነር እ.ኤ.አ. በ1994 ባብራራው መሠረት፣ አእምሮ አንድን ሐሳብ ለማባረር ሁለት ሠራተኛ ያሰማራል። አንዱ ሌላ የሚታሰብ ነገር ፈልጎ ያመጣል፤ ይህ ጉልበት ይጨርሳል። ሌላው «መጣ? አልመጣም?» እያለ ይፈትሻል፤ ይህኛው ጉልበት እምብዛም አይጠይቅም፣ ነገር ግን የሚፈልገውን ለመለየት የተከለከለውን ሐሳብ ይዞ መዞር አለበት። የተፈላጊ ፎቶ ይዞ በር ላይ የቆመ ዘበኛ በይው፤ ቀኑን ሙሉ የሚያየው ያንኑ ፊት ነው። ሰው ሲደክምና እንቅልፍ ሲያጣ የመጀመሪያው ሠራተኛ ይዝላል፣ ዘበኛው ግን ሥራውን ይቀጥላል። በየሌሊቱ ሦስት ጊዜ ለማጥባት የሚነሳ ሰው ምን ላይ እንዳለ አስቢው።

ስለዚህ የምታሰናብቺው ዘበኛውን ነው። መጀመሪያ ሐሳቡን ሳታለሳልሺ ወረቀት ላይ ጻፊው፦ «ልጄን በቢላ ብወጋውስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ»። «የሚል ሐሳብ መጣብኝ» የምትለዋ እንዳትቀር፤ ሥራውን የምትሠራው እሷ ናት። ሐሳቡ ሲመጣ ይህንኑ በልብሽ አንድ ጊዜ ብቻ በይና የያዝሽውን ቀጥዪ። ዳይፐር እየቀየርሽ ከሆነ ዳይፐሩን ጨርሺ። «እኔ እንዲህ ያለሁ ሰው አይደለሁም» ብለሽም አትመልሺለት፤ መልስ ያገኘ ጥያቄ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል።

ቀጥለሽ የሸሸሻቸውን ነገሮች ዘርዝሪና ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 100 የፍርሃት ነጥብ ስጪው። ለምሳሌ ልጁ ሌላ ክፍል ተኝቶ መክተፍ 30፣ ባለቤትሽ ልጁን አቅፎ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሞ መክተፍ 50፣ ብቻሽን ሆነሽ ልጁ እዚያው አልጋው ላይ እያለ መክተፍ 70፣ ብቻሽን ማጠብ 80 ሊሆን ይችላል። ከዝቅተኛው ጀምሪ፤ በየቀኑ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ። ለዶሮ ወጥ የሚከተፍ 2 ኪሎ ሽንኩርት ለዚህ የተፈጠረ ሥራ ነው፣ እንባሽንም ማንም አይጠይቅሽም። በየ5 ደቂቃው ነጥቡን ወረቀት ላይ ጻፊ። መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይወርዳል። ባይወርድም ሐሳቡ እያለ ሥራውን መጨረስሽ ይበቃል። አንዱን ደረጃ ሦስት አራት ቀን ደጋግመሽ ወደሚቀጥለው እለፊ። ማንኛዋም እናት የምታደርገው ጥንቃቄ ይኑር፤ ቢላ ከልጅ እጅ ይራቅ፤ ከዚያ በላይ ግን አትጨምሪ።

ይህ ለፈሩት ነገር ደረጃ በደረጃ የመጋለጥ ሕክምና ሲበላሽ የሚበላሸው በታወቁ ቦታዎች ነው። አንደኛው ነጥቡ ጣሪያ ሲነካ ቢላውን ጥሎ መውጣት ነው፤ አእምሮሽ የሚማረው «ያመለጥኩት በመሸሼ ነው» የሚለውን ይሆናል። ሌላው ሐሳቡን ለመፋቅ በልብ የሚደረግ ማጥፊያ ነው። ጸሎትሽን በጸሎት ሰዓትሽ ጸልዪ፤ «በስመ አብ» ግን ሐሳቡን መፋቂያ ላጲስ ከሆነች ዘበኛው ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ባለቤትሽን በየሰዓቱ «እኔ እንዲህ አላደርግም አይደል?» ብሎ መጠየቅም ያው ነው። መልሱ ለ10 ደቂቃ ያሳርፍሻል፣ ከዚያ ጥያቄው ይመለሳል። አስቀድማችሁ ተነጋገሩና «ይህቺን ሐሳቡ ነው የጠየቀኝ፤ ሻይ ላፍላልሽ?» ይበልሽ።

በጣም ስውሩና ብዙ ሰው የሚወድቅበት ግን ይህ ነው፦ «ተቀበልኩት፣ ተውኩት፤ ግን አልሄደም!» አልሄደም የሚለውን ያወቀው ማነው? ዘበኛው ነው። እንዲሄድ ብለሽ የተቀበልሽው ሐሳብ አልተቀበልሽውም። እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ቁጠሪው፤ ይጮኻል፣ አንቺ ወጥሽን ታማስያለሽ፣ መቼ እንደተዘጋ እንኳ አታስታውሺም።

አንድ ነገር ግን ለይተሽ ያዢ። ሐሳቡ የሚያስጨንቅሽና ከምኞትሽ ጋር የሚጋጭ ከሆነ ከላይ ያልነው ይሠራል። «ልጁ ርኩስ መንፈስ ነው» ወይም «ለማዳን መሞት አለበት» የሚል እምነት፣ የሚያዝ ድምፅ፣ ሳይተኙ ቀናት ማለፍና እንቅልፍ አለመፈለግ፣ ግራ መጋባት፣ ወይም ራስን የማጥፋት ፍላጎት ከታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውነታ የሚያላቅቅ የአእምሮ ሕመም፣ ከ1,000 ወላዶች በ1 ወይም በ2 ላይ ይከሰታል፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይጀምራል፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል የሚያስኬድ ድንገተኛ ሕመም ነው፤ እናትና ልጅም ብቻቸውን አይተዉም። ደብዳቤሽ ውስጥ ከዚህ አንዱም የለም።

ጥያቄ፦ ቅዳሴ ላይ ስቆም፣ በተለይ ሥጋ ወደሙ ሲወጣ፣ በአምላክ ላይ ስድብ በልቤ ይመጣብኛል። በኀልዮ የሠራሁት ኃጢአት ነው ብዬ ደጋግሜ ተናዘዝኩ። አሁን ቤተ ክርስቲያን መሄድ ፈራሁ። (ከጎንደር) ከደሴ የጻፈልን አንባቢም ሶላት ላይ ስለሚመጣበት ተመሳሳይ ወስዋስ ጠይቋል፤ አንድ ላይ መልሰናል።

መልስ፦ ስለ ኃጢአቱ የሚፈርዱት የሃይማኖት አባቶች ናቸው፤ እኛ የምናውቀው የሐሳቡን ጠባይ ነው። ይህ ሐሳብ የሚመርጠው ሰው ይበልጥ የሚያከብረውን ቦታ ነው። የሚንከባከብ ሰው ጉዳት ይመጣበታል፣ ንጹሕ ሰው ቆሻሻ፣ አማኝ ስድብ። እ.ኤ.አ. በ1996 የካናዳ ተመራማሪዎች ለነገሩ ስም ሰጡት፤ ሐሳብን ከድርጊት ጋር መቀላቀል። ሁለት መልክ አለው፦ «ማሰቤ የመሆን ዕድሉን ይጨምራል» እና «ማሰብና ማድረግ በኃጢአት እኩል ናቸው»። ወንድማችን፣ አንተ ላይ ያለው ሁለተኛው ነው። ኀልዮ፣ ነቢብ፣ ገቢር (በሐሳብ፣ በቃል፣ በሥራ) የሚለውን አከፋፈል ይዘህ በራስህ ላይ ፈረድህ፤ ሐሳብ ደጅ መድረሱንና አስገብቶ ማስተናገዱን ግን አልለየህም።

ልዩነቱን የድሮዎቹ መነኮሳት ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። በ7ኛው መቶ ዘመን በግብፅ ደብረ ሲና (ሲና ተራራ) የነበረው መነኩሴ ዮሐንስ ክሊማኮስ፣ የስድብ ሐሳብ በቅዳሴ ሰዓት መምጣት እንደሚወድ ጽፏል። አንድ መነኩሴ 20 ዓመት በዚህ ተሠቃየ፤ በጾምና በትጋሃ ሌሊት ራሱን ጨረሰ፣ አልሆነም። በመጨረሻ ሐሳቡን ወረቀት ላይ ጽፎ ለአንድ አረጋዊ ሰጠና ቀና ብሎ ማየት ፈርቶ መሬት ላይ ተደፋ። አረጋዊው አንብቦ ፈገግ አለ፤ የመነኩሴውን እጅ በገዛ አንገቱ ላይ አስደርጎ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፣ አንተ ከእንግዲህ ከቁም ነገር አትቁጠረው አለው። ጭንቀቱም ለቀቀው። በእስልምናም ሰሓባዎች (የነቢዩ ባልደረቦች) «አፍ አውጥተን ልንናገረው የሚከብደን ነገር በልባችን ይመጣል» ብለው ሲጠይቁ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያ ግልጽ ኢማን ነው ማለታቸው ሶሒሕ ሙስሊም በተባለው የሐዲስ መጽሐፍ ተዘግቧል። ሐሳቡ መክበዱ ራሱ የእምነት ምልክት ነው ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ አረጋዊው ይህን ያለው አንድ ጊዜ ነው። በየሳምንቱ እየተመለሱ «አሁንም በእርስዎ አንገት ነው?» ማለት ከተጀመረ መድኃኒቱ ሱስ ይሆናል። ስለዚህ ከንስሐ አባትህ ጋር ተስማማ፦ ስለዚህ ሐሳብ ዳግም ኑዛዜ የለም። ቅዳሴ ሂድ፣ እስከ መጨረሻው ቁም። ስድቡ ሲመጣ ዜማውን ከመጀመሪያው አትጀምር፣ ካለህበት ቀጥል። የደሴው ወንድማችንም በዚህ ሐሳብ ምክንያት ሶላት አይድገም፣ ዉዱእም አያድስ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ይከብዳሉ፤ ሐሳቡ ሊበዛም ይችላል፣ እሱ ወደ ኋላ መሄድ አይደለም። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ የታዘዘ መድኃኒት ካለ ግን በጸበሉ ምክንያት አይቋረጥ።

ጥያቄ፦ ታክሲ እነዳለሁ። ጎማዬ ጉድጓድ ሲመታ «ሰው ገጭቼ ይሆን?» እላለሁ። ዞሬ አያለሁ፣ አንዳንዴ አራት ጊዜ። ማታ መኪናው ላይ መንገዱን የሚቀርጸውን የዳሽ ካሜራ አይቼ ነው የምተኛው። ባየሁ ቁጥር ግን ይበልጥ እጠራጠራለሁ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገርዎ ትክክለኛ ምልከታ ናት። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ሰዎች በኮምፒውተር ላይ የተሠራ የጋዝ ምድጃ መዘጋቱን 20 ጊዜ እንዲያረጋግጡ አደረጉ። ስለ መጨረሻው ፍተሻ ሲጠየቁ ትዝታቸው ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ምስሉ ደብዝዞባቸው ነበር፣ በትዝታቸው ላይ ያላቸው እምነትም ወርዶ ነበር። ፍተሻ ሲደጋገም አንዱ ከሌላው ስለሚመሳሰል ጥርት ብሎ የሚቀር ነገር አይኖርም። እርስዎም አራት ጊዜ የዞሩበትን መንገድ አንድ ጊዜ ካለፉበት ባነሰ እርግጠኝነት ነው የሚያስታውሱት።

ደንቡን መኪናው ቆሞ እያለ ያውጡ። በዓይንዎ ሰው ካዩ ወይም ግጭት መሆኑን ካወቁ ወዲያው ይቁሙ፣ ሕጉም ይህንኑ ይላል። ካለፉ በኋላ በ«ምናልባት» ብቻ የመጣ ከሆነ አይዙሩም። መስተዋት እንደ ማንኛውም ሾፌር አንድ ጊዜ ይታያል። የዳሽ ካሜራው ይቅረጽ፣ ማታ ግን አይከፈት፤ የአካባቢ የአደጋ ዜና ፍለጋም ቀረ። መዞሩ እንቢ ካለዎት በ15 ደቂቃ ያዘግዩት፣ በሚቀጥለው ሳምንት በ30። ብዙ ጊዜ 30 ደቂቃው ሲሞላ ሌላ ተሳፋሪ ጭነዋል።

ጥያቄ፦ «ሐሳብን ማፈን አይጠቅምም» ትላላችሁ። የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ይጠቅማል ማለታቸውን ሰምቻለሁ። የቱን እንመን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሁለቱንም። የዌግነርን መንገድ የተከተሉ ሙከራዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ተሰብስበው ሲመዘኑ፣ ማፈን በዚያው ቅጽበት ሐሳቡን እንደማያበዛ፣ ማፈኑ ካበቃ በኋላ ግን መጠነኛ መመለስ እንደሚኖር ታየ። መጠነኛ ነው፤ «ባፈንከው ቁጥር ይፈነዳል» የሚሉ ሰዎች ያጋንናሉ። የካምብሪጆቹ ዙልካይዳ ማማትና ማይክል አንደርሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተሙት ጥናት በ16 አገሮች የሚኖሩ 120 ሰዎችን ለ3 ቀን አሠለጠኑ። ተሳታፊዎቹ ወደፊት ይደርስብናል ብለው የሚፈሩትን ነገር የሚያስታውስ ቃል ስክሪን ላይ ይወጣላቸዋል፤ ከፊሎቹ ዓይናቸውን ከቃሉ ሳይነቅሉ፣ ምስሉ ግን እንዳይመጣ እንዲያግዱ፣ በቦታውም ሌላ ሐሳብ እንዳይተኩ ተነገራቸው። ፍርሃቱ ደበዘዘ፣ ስሜታቸውም ተሻሻለ፤ ይበልጥ የተጨነቁት ይበልጥ ተጠቀሙ።

ልብ ይበሉ፣ እነዚህ ሰዎች አስታዋሹን ፊት ለፊት እያዩ ነው። ቢላ ደብቆ፣ ቤተ ክርስቲያን ቀርቶ፣ መንገድ ዞሮ የሚደረገው ማፈን ግን አስታዋሹን መሸሽ ነው። ልምምዱም ሰዓት አለው፣ ያበቃል፤ የዘበኛው ፈረቃ ግን አያበቃም። ለኦሲዲ፣ ማለትም ለአስጨናቂ ተደጋጋሚ ሐሳብና ድርጊት ሕመም፣ ቀድሞ የሚመከረው አሁንም ለፈሩት ነገር ደረጃ በደረጃ መጋለጥና የማጥፊያውን ድርጊት መተው ነው።

ሐሳብን ለጊዜው ማዘናጋት የግድ ቢሆን፣ የዌግነር ሁለተኛ ሙከራ አንድ ብልሃት አለው። ድቡ በመጣ ቁጥር ስለ አንድ ቀይ ቮልስዋገን እንዲያስቡ የተነገራቸው ተማሪዎች መመለሱ ቀንሶላቸዋል። ከግድግዳ ወደ መብራት፣ ከመብራት ወደ መስኮት የሚዘል ሰው የክፍሉን ዕቃ ሁሉ ከድቡ ጋር ያስተሳስረዋል፤ በኋላ መብራቱን ሲያይ ድቡ ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ ምረጥ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቮልስ ለመሳል አይቸገርም።

ጥያቄ፦ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ጋደም ስል የአገር ቤት ዕዳና የእናቴ ሕመም ይመጣብኛል። «አታስቢ፣ ተኚ» እላለሁ፣ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ነቅቼ እቆያለሁ። (ከሪያድ)

መልስ፦ የአንቺ ሐሳብ ከላይ ካሉት ይለያል፤ ዕዳውም ሕመሙም እውነት ናቸው። ማባረር ሳይሆን ቀጠሮ ያስፈልጋቸዋል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ ከመኝታ ቢያንስ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ 20 ወይም 30 ደቂቃ ያዢ፤ አልጋ ላይ አይሁን። ደብተር ላይ ጭንቀቱን ሁሉ ጻፊ፣ አጠገቡ «ነገ የማደርገው» የሚል ዓምድ ይኑር፤ «ሐሙስ ለወንድሜ ደውዬ የሐኪሙን ቀጠሮ እጠይቃለሁ» ዓይነት። የሚደረግ ነገር ከሌለ ሰረዝ አድርጊበት። አልጋ ላይ ሲመጣ «ነገ በሰዓትህ» በይው። የቤተሰብ መልእክት ከቀጠሮው በፊት እንጂ በኋላ አይከፈት። «ተኚ» የሚለውን ትእዛዝም ተዪው፤ የዌግነር ቡድን እ.ኤ.አ. በ1996 የሰልፍ ሙዚቃ እያሰማ «በቶሎ ተኙ» ያላቸው ሰዎች እንቅልፍ የወሰዳቸው «በተመቻችሁ ጊዜ ተኙ» ከተባሉት ዘግይቶ ነበር።

ጥያቄ፦ ሐሳቡ ሲመጣ እጄ ላይ ያሰርኩትን ላስቲክ እስባለሁ። ልቀጥል? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይ። እያንዳንዱ ስበት «ይህ ሐሳብ አደገኛ ነው» የሚል ማኅተም ነው።

ጥያቄ፦ መቼ ነው ሐኪም ዘንድ የሚኬደው? መድኃኒትስ አለው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሐሳቡና የማጥፊያው ድርጊት በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ከወሰደ፣ ወይም ሥራ፣ ትምህርት፣ ልጅ ማሳደግ ካስተጓጎለ ይሂዱ። መድኃኒቱ አለ፤ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን የሚባሉት ናቸው። ለኦሲዲ ብዙውን ጊዜ ለድብርት ከሚታዘዘው ከፍ ያለ መጠን ያስፈልጋል፣ ውጤቱም በ2 ሳምንት አይለካም፤ ከ8 እስከ 12 ሳምንት መጠበቅ አለበት። ብዙዎች «አልሠራልኝም» ብለው የሚያቋርጡት ከዚያ በፊት ነው። የሚያጠቡ እናቶች ማጥባታቸውን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ለእነሱም የሚታዘዝ አለ።

ሐኪሙ ፊት «ይጨንቀኛል» ብቻ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የጭንቀት ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል፣ ሐሳቡም ሳይነገር ይቀራል። ሐሳቡን እንዳለ ጽፈው ይውሰዱ። ለመናገር ካፈሩ ወረቀቱን ይስጡት።